ክብደት ለመቀነስ ስንሞክር ፍራፍሬ መብላት ይጠቅማል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአንድ የሁዳዴ ጾም ከሥራ ስወጣ በየቀኑ አንድ ብርጭቆ የአቮካዶ ጁስ እጠጣ ነበር። ሥጋ የለም፣ ቅቤ የለም፣ የምጠጣው ፍራፍሬ ነው፤ ስለዚህ እቀንሳለሁ ብዬ ከልቤ አምኜ ነበር። ለፋሲካ ያዘጋጀሁት ቀሚስ ግን ዚፑ አልዘጋ አለ። በጣም አዘንኩ፣ ተናደድኩም። በንዴት ለወራት ፍራፍሬ የሚባል ነገር አልነካም አልኩ። እሱም ስህተት ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን በደንብ ማንበብና የሥነ ምግብ ባለሙያዎችን መጠየቅ የጀመርኩት። አሁን ጓደኞቼና ዘመዶቼ የሚጠይቁኝን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤ እመልሳለሁ። ሐኪም አይደለሁም። በመድኃኒት ላይ ያላችሁ፣ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ወይም የቆየ ሕመም ያለባችሁ ሰዎች ምግባችሁን ከመቀየራችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ።

በአጭሩ ንገሪኝ፤ ፍራፍሬ ክብደት ለመቀነስ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?

ይጠቅማል። ሁለት ነገር ግን ያስፈልጋል። አንደኛው፣ ፍራፍሬው ታኝኮ ይበላ እንጂ በብርጭቆ አይጠጣ። ሁለተኛው፣ በሌላ ምግብ ምትክ ይግባ እንጂ በሌላው ላይ አይደረብ። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ሻይ በቦምቦሊኖ የለመደ ሰው ቦምቦሊኖውን ትቶ ሁለት ብርቱካን ቢበላ ለውጥ ያያል። ቦምቦሊኖውን በልቶ ብርቱካኑን ከጨመረ ግን ሰውነቱ የሚያየው የተጨመረውን ብቻ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ወደ እነዚህ ሁለት ነጥቦች ይመለሳል።

ፍራፍሬ ስኳር አለው አይደል? ስኳር ደግሞ ያወፍራል።

አለው። ግሉኮስ፣ ፍሩክቶስና ሱክሮስ ይባላሉ። ሱክሮስ ማለት ሻይ ላይ የምንጨምረው ያው ስኳር ነው። ስለዚህ "የፍራፍሬ ስኳር ሌላ ዓይነት ስኳር ነው" የሚሉት ትክክል አይደለም። ልዩነቱ ያለው ከስኳሩ ጋር አብሮ በሚመጣው ነገር ላይ ነው።

አንድ መካከለኛ ብርቱካን 60 ካሎሪ ገደማ አለው። ስኳሩ 12 ግራም አካባቢ ነው። 3 ግራም ያህል ደግሞ ፋይበር አለው፤ እኛ አሰር የምንለው፣ ሆዳችን ሊፈጨው የማይችለው የተክል ክፍል ማለት ነው። የቀረው በአብዛኛው ውሃ ነው። ስኳሩ የተቀመጠው በጥቃቅን ከረጢቶች ውስጥ ነው። እነዚያን ከረጢቶች በጥርሳችን እያኘክን እንሰብራለን። ጊዜ ይወስዳል። ጨጓራም ቀስ እያለ ነው ወደ አንጀት የሚለቀው። በዚህ መሃል አእምሯችን "ጠገብኩ" ለማለት ፋታ ያገኛል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ስለ ስኳር ባወጣው መመሪያ የምንቀንሰው የትኛውን እንደሆነ ለይቶ ነግሮናል። ምግብና መጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር፣ ማር፣ ሽሮፕና የፍራፍሬ ጭማቂ ውስጥ ያለው ስኳር በቀን ከምናገኘው ኃይል ከ10 በመቶ በታች ይሁን ይላል። ከ5 በመቶ በታች ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። በቀን 2000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው 10 በመቶው 50 ግራም ነው፤ 12 የሻይ ማንኪያ ገደማ። ሙሉ ፍራፍሬ ውስጥ ያለው ስኳር በዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም። ጭማቂው ግን ይገባል። ያው አንድ ብርቱካን ሲላጥ ከሒሳቡ ውጭ ነው፤ ሲጨመቅ ሒሳቡ ውስጥ ነው። ይህን ያነበብኩ ቀን የሁዳዴው ብርጭቆዬ ትዝ አለኝ።

ይህ በጥናት የታየ ነው ወይስ ግምት ነው?

በጥናት የታየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አንድ ትንሽ ጥናት ታትሞ ነበር። 10 ሰዎች ፖምን በሦስት መልክ ወሰዱ፤ ሙሉውን፣ የተፈጨውንና ጭማቂውን። ጭማቂው ከሙሉው ፖም በ11 እጥፍ ፍጥነት ተጠጥቶ ሊያልቅ ይችላል። ሰዎቹን በደንብ ያጠገባቸው ግን ሙሉው ነበር፤ ጭማቂው ከሦስቱ መጨረሻ ሆነ።

በአሜሪካ የፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት 58 ሰዎችን ከምሳ በፊት ፖም አብልተዋል። ሙሉ ፖም የበሉ ቀን፣ የፖሙን ካሎሪ ጨምሮ እንኳ፣ ምንም ሳይበሉ ምሳ ከቀረቡበት ቀን በ15 በመቶ ያነሰ ካሎሪ ወሰዱ። ጭማቂው ላይ እንዲህ ዓይነት ጥቅም አልታየም።

ትልቁ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ነው። ከ130 ሺህ በላይ አሜሪካውያንን እስከ 24 ዓመት ተከታትሏል። በቀን አንድ ጊዜ የሚበላ ፍራፍሬ የጨመሩ ሰዎች በ4 ዓመት ውስጥ ካልጨመሩት በአማካይ ሩብ ኪሎ ያህል ያነሰ ክብደት ነበራቸው። ሩብ ኪሎ በ4 ዓመት! ትንሽ ነው። እኔ ይህን ቁጥር የምወደው እውነቱን ስለሚነግረን ነው። ፍራፍሬ ብቻውን ቦርጭ አያጠፋም። ጥሩ ረዳት ነው።

ጁስ ቤት ገብቼ ያለ ስኳር ባዝስ?

ስኳር ከተጨመረበት ይሻላል፤ ያለ ጥርጥር። ግን ብርጭቆው ውስጥ ስንት ፍሬ እንደገባ አስቡ። ስፕሪስ ስታዙ ከታች አቮካዶ፣ ከላይ ማንጎ ወይም ፓፓያ፣ አንዳንዴም ዘይቱን ይደረደራል። ማንኪያ የሚያቆም ውፍረት አለው። ያንን ሁሉ ፍሬ ሳህን ላይ ቆራርጠው ቢያቀርቡላችሁ ግማሹን በልታችሁ "በቃኝ" ትሉ ነበር። ከብርጭቆ ግን በአምስት ደቂቃ ያልቃል።

አንዴ በወረቀት ላይ አሰላሁት። ሥጋው 150 ግራም የሚመዝን አቮካዶ 240 ካሎሪ አለው። አንድ ብርጭቆ ውስጥ አንድ ተኩል አቮካዶ ቢገባ 360 ሆነ። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ቢጨመርበት ወደ 140 ይጠጋል። በድምሩ 500 ካሎሪ። ላዩ ላይ ቪምቶ ሲፈስበት ደግሞ ሌላ ስኳር ነው። ይህ እንደ መጠጥ የምንቆጥረው፣ ቤት ገብተን እራታችንን የምንበላበት ነገር ነው። የእኔ ቀሚስ ምስጢሩ እዚህ ጋ ነበር።

ጁስ ቤት አትግቡ አልልም። ከጓደኛ ጋር ቁጭ ብሎ መጫወቻ ቦታ ነው። ስትገቡ ትንሹን ብርጭቆ ያለ ስኳር እዘዙ፣ ሎሚ ይጨመቅበት። ያን ቀን እሱን እንደ መክሰስ ቁጠሩት እንጂ እንደ ውሃ አትቁጠሩት። ብዙ ጁስ ቤቶች ደግሞ ፍራፍሬ ቆራርጠው በሳህን ይሰጣሉ። ጠይቁ።

ቤቴ በብሌንደር ብፈጨውስ? ፋይበሩ አይወጣም አይደል?

አይወጣም። በዚህ በኩል ከተጣራ ጭማቂ ይሻላል። ማኘኩ ግን ይቀራል፤ ፍጥነቱም ይጨምራል። ጠዋት ጊዜ ለሌለው ሰው አንድ ሙዝ፣ ትንሽ ፓፓያና እርጎ ፈጭቶ እንደ ቁርስ መጠጣት ጥሩ ነው፣ ቁርሱ እሱ ከሆነ።

የታሸገ "100 በመቶ" ጭማቂስ?

ውጭ አገር ያላችሁ በተለይ ይህን ጥያቄ ታበዛላችሁ፤ ፍሪጁ በካርቶን ጭማቂ ስለሚሞላ። አንድ ብርጭቆ ንጹህ የብርቱካን ጭማቂ 240 ሚሊ ሊትር ቢሆን 20 ግራም ያህል ስኳር አለው። በዚያው መጠን ኮካ ኮላ 25 ግራም ገደማ አለው። ልዩነቱ ከምናስበው ያነሰ ነው። ጭማቂው ቫይታሚን ሲ ይሰጣል፤ ይህ እውነት ነው። ለክብደት ግን ወንድማማቾች ናቸው። ለልጆች በየምግቡ ጭማቂ መቅዳትም ልማድ ባይሆን ደስ ይለኛል። ውሃ ቅዱላቸው፣ ብርቱካኑን ላጡላቸው።

ሙዝ ያወፍራል ይባላል። እውነት ነው?

ሙዝ ያለ ስሙ ስም የተሰጠው ፍሬ ነው። አንድ መካከለኛ ሙዝ 105 ካሎሪ አካባቢ አለው። በዚህ ማንም አይወፍርም።

ነገር ግን ከሌሎች ፍራፍሬዎች ጋር ሲወዳደር በያንዳንዷ ካሎሪ የሚሰጠው ጥጋብ አነስ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1995 የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 38 ምግቦችን በእኩል ካሎሪ አብልተው ለሁለት ሰዓት ምን ያህል እንደሚያጠግቡ ለኩ። ነጭ ዳቦን 100 ብለው ጀመሩ። ሙዝ 118 አገኘ። ፖም 197፣ ብርቱካን 202። ከሁሉም በላይ የወጣው ግን ፍራፍሬ አይደለም፤ የተቀቀለ ድንች ነው፤ 323። ድንችን ፈርታችሁ የተዋችሁ ሰዎች ይህችን ያዙልኝ።

ሙዝን የሚያስወቅሰው አብዛኛውን ጊዜ አብሮት ያለው ነው። ዳቦ በሙዝ የብዙ ተማሪና የቀን ሠራተኛ ምሳ ነው። ቀኑን ሙሉ ብሎኬት ለሚሸከም ሰው ጥሩ ምሳ ነው። ቢሮ ተቀምጦ ለሚውል ሰው ግን ሁለት ዳቦ በሦስት ሙዝ ይበዛል። አንዱን ዳቦ ትቶ ሙዙን በአንድ ፍሬ እንቁላል ቢበላው እስከ ማታ ይዞት ይቆያል። የበሰለው ይሁን ያልበሰለው ብላችሁ አትጨነቁ። ሲበስል ስታርቹ ወደ ስኳር ይቀየራል፣ ጣዕሙ ይጣፍጣል፤ ካሎሪው ግን ብዙም አይለወጥም።

አቮካዶስ? ቅባቱ ጤናማ ነው ይሉኛል።

ጤናማ ነው። አብዛኛው ቅባቱ በወይራ ዘይት ውስጥ የምናገኘው ዓይነት ነው፤ ለልብ ይስማማል። ፋይበሩም ብዙ ነው፣ በ100 ግራም ወደ 7 ግራም። ነገር ግን ቅባት ቅባት ነው፤ በ100 ግራም 160 ካሎሪ አለው። ከፓፓያ ጋር ስታወዳድሩት አራት እጥፍ ማለት ነው። ስለዚህ አቮካዶን እንደ ፍራፍሬ ሳይሆን እንደ ዘይት ወይም እንደ ቅቤ አስቡት። ሩብ ወይም ግማሽ አቮካዶ በቲማቲም፣ በሽንኩርት፣ በቃሪያና በሎሚ ተደርጎ በሰላጣ ሲበላ ግሩም ነው። በዚያ ቀን ወጡ ላይ ያለውን ዘይት ቀነስ አድርጉለት።

ታዲያ የትኛውን ልምረጥ?

የምትወዱትን። ይህን የምለው ለመሸሽ አይደለም። የማይወደውን ፍሬ "ይቀንሳል" ስለተባለ ብቻ የሚበላ ሰው ሁለት ሳምንት አይቆይም።

ማወዳደር ለሚፈልግ ሰው ግን እንዲህ ነው። በ100 ግራም ሐብሐብ 30 ካሎሪ፣ ፓፓያ 43፣ ብርቱካን 47፣ አናናስ 50፣ ፖም 52፣ ማንጎ 60፣ ወይን 69 ገደማ አላቸው። ሁሉም ትንሽ ነው። ዳቦ በዚያው መጠን ከ250 በላይ እንደሆነ አስታውሱ። ከሁሉም እኔ የምሟገትለት ዘይቱን ነው፤ ውጭ አገር ጉዋቫ የሚሉት። 68 ካሎሪ ብቻ ይዞ ከ5 ግራም በላይ ፋይበር አለው፤ ቫይታሚን ሲው ደግሞ ከብርቱካን በአራት እጥፍ ይበልጣል። እኛ ግን በጁስ መልክ ካልሆነ ብዙም አናየውም። ሳይፈጭ ከነልጣጩ ታጥቦ እየተነከሰ ቢበላ አንዱ ፍሬ ብዙ ሰዓት ይይዛል።

በክረምት በለስ ሲመጣም አትለፉት። ካሎሪው 40 አካባቢ ነው። ዘሩ ብዙ ስለሆነ ግን አብዝቶ የበላውን ሰው ሆድ ያደርቃል፤ ሁለት ሦስት ፍሬ በልታችሁ ውሃ ጠጡበት።

በቀን ስንት ፍሬ ልብላ?

የዓለም ጤና ድርጅት ፍራፍሬና አትክልት ተደምሮ በቀን ቢያንስ 400 ግራም ይላል። ግማሹን ለጎመን፣ ለካሮትና ለቲማቲም ብትሰጡት ለፍራፍሬ የሚቀረው 200 ግራም ያህል ነው፤ ሁለት መካከለኛ ፍሬ ማለት ነው። ክብደት ለሚቀንስ ሰው በቀን ሁለት ወይም ሦስት ፍሬ ለእኔ ልኩ ነው። አራተኛውን በልታችሁ እንደሆነ ግን ጥፋተኝነት አይሰማችሁ። ብዙዎቻችን ችግራችን ፍራፍሬ ማብዛት ሳይሆን ጨርሶ አለመብላት ነው።

ማታ ፍራፍሬ መብላት ያወፍራል?

ሰዓቱ አያወፍርም። ማታ ፊልም እያየን ሳናውቀው የምንበላው ብዛት ነው የሚያወፍረው። ቆሎ፣ ብስኩትና ለውዝ ፊታችሁ ከሚቀመጥ የተላጠ ብርቱካን ቢቀመጥ እመርጣለሁ። ቃር ያለበት ሰው ግን ብርቱካንና አናናስ ማታ ይተው።

ከምግብ በኋላ ከበሉት ሆድ ውስጥ ይበሰብሳል ሲሉ ሰምቻለሁ። በባዶ ሆድ ነው የሚበላው?

አይበሰብስም። ጨጓራ አሲድ አለው፤ ምግብ እዚያ ውስጥ የሚበሰብስበት ዕድል የለም። ሽሮውም ብርቱካኑም አብረው ይፈጫሉ። ከምሳ 15 ደቂቃ በፊት አንድ ፍሬ መብላት ግን ጥሩ ዘዴ ነው። ተርቦ ማዕድ ላይ የተቀመጠ ሰው የመጀመሪያዎቹን ጉርሻዎች ሳያኝክ ይውጣል። ቀድሞ ፖም የበላ ሰው ረጋ ይላል። ከላይ የጠቀስኩት የ2009 ጥናትም ያሳየው ይህንኑ ነው።

ጠዋት ጠዋት ሎሚ በሙቅ ውሃ ስብ ያቀልጣል?

አያቀልጥም። ሎሚ የሰውነት ስብ ጋ ደርሶ የሚያቀልጥበት መንገድ የለም። አንድ ጥቅም ግን አለው፤ በሦስት ማንኪያ ስኳር ሻይ ምትክ ከተጠጣ ስኳሩ ይቀራል። ማር ከጨመራችሁበት ደግሞ መለሳችሁት ማለት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ከ60 ካሎሪ በላይ አለው። ጥርሳችሁንም ጠብቁ። የሎሚ አሲድ የጥርስን የላይ ሽፋን ያላላል፤ ከጠጣችሁ በኋላ በውሃ ተጉመጥመጡ፣ ወዲያው ግን አትቦርሹ።

አናናስና ፓፓያስ? "ስብ ያቃጥላሉ" ይባላል።

ሁለቱም ፕሮቲን የሚፈጭ ኢንዛይም አላቸው። ያልበሰለ ፓፓያ ሥጋ ለማለስለስ የሚረዳው ለዚህ ነው። ፕሮቲን ነው የሚፈጩት፤ ስብ አይደለም። ጥሩ ፍራፍሬ ስለሆኑ ብሉአቸው።

በጾም ወቅት ምን ላድርግ?

ይህ ጥያቄ ለእኔ ቅርብ ነው። እስከ 9 ሰዓት ጾሞ የዋለ ሰው ጾሙን ሲፈታ በመጀመሪያ የሚያምረው ወፍራምና ጣፋጭ ነገር ነው። በረሃብ የተጠጣ ጁስ ወዲያው ደም ውስጥ ይገባል፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ያው ረሃብ ይመለሳል። ከዚያ እንጀራው ይከተላል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። በየቀኑ 500 ካሎሪ ከተጨመረ በ55 ቀን 27,500 ካሎሪ ይሆናል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል ይይዛል ተብሎ ይሰላል። ማካፈሉን ለእናንተ እተወዋለሁ።

አሁን እኔ የማደርገው ይህ ነው። መጀመሪያ ውሃ እጠጣለሁ። ከዚያ የተቆረጠ ፓፓያ ወይም አንድ ብርቱካን እበላለሁ። ወዲያው ምስር ወይም ሽሮ በእንጀራ፣ ጎመን በደንብ ታክሎበት። ምስሩና ሽሮው ፕሮቲን ስላላቸው ያቆያሉ። ጁሱን የማገኘው እሑድ ብቻ ነው፣ ከጓደኞቼ ጋር።

ረመዳን ለሚጾሙም ሐሳቡ አንድ ነው። በቴምር ማፍጠር ደስ የሚል ሥርዓት ነው፤ አንድ ወይም ሦስት ፍሬ ይበቃል። ቴምር ውሃው የደረቀ ፍሬ ስለሆነ ስኳሩ ተከማችቷል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚወደደው ትልቁ መጁል አንዱ ፍሬ ብቻ ወደ 66 ካሎሪ ይጠጋል። ሳህኑ ፊት ለፊት ተቀምጦ እየተጫወቱ ሲበላ ስምንት ዘጠኝ ፍሬ ማለፍ ቀላል ነው።

ዘቢብና ሌላ የደረቀ ፍራፍሬ?

በጥንቃቄ። 100 ግራም ወይን 69 ካሎሪ ሲኖረው 100 ግራም ዘቢብ 300 ገደማ አለው። አንድ እፍኝ ብቻ ዘግናችሁ ከረጢቱን መልሳችሁ እሰሩ።

ለአንድ ሳምንት ፍራፍሬ ብቻ ብበላ በፍጥነት አልቀንስም?

ሚዛኑ ይቀንሳል። የሚሄደው ግን በአብዛኛው ውሃ ነው፤ ከሱ ጋር ጡንቻ ይሄዳል። ፍራፍሬ ፕሮቲን የለውም ማለት ይቻላል። ሰውነት ፕሮቲን ሲያጣ ከራሱ ጡንቻ ይወስዳል። ጡንቻ የቀነሰ ሰው ደግሞ በኋላ በቀላሉ ይወፍራል። ሠርግ ሲደርስ እንዲህ የሚያደርጉ እህቶቼን አይቻለሁ፤ በስምንተኛው ቀን ራስ ምታት፣ ድካም፣ ከዚያም ያገኙትን ሁሉ መብላት። እባካችሁ አታድርጉት። ፍራፍሬውን ከእንቁላል፣ ከእርጎ፣ ከምስር፣ ከባቄላ ጋር አዋህዱት።

ስኳር በሽታ አለብኝ። ፍራፍሬ ጨርሶ ልተው?

ብዙ ሰው እናቱንና አባቱን በዚህ ምክንያት ከፍራፍሬ ያርቃል፤ ልቤን ያሳዝነኛል። አብዛኛው የስኳር ሕመምተኛ ሙሉ ፍራፍሬ መብላት ይችላል፣ በመጠን። አንዴ አንድ ፍሬ፣ በሌላ ሰዓት ሌላ ፍሬ፤ በአንድ ጊዜ ሦስት አይደለም። ጭማቂ ግን መተው አለበት። ለምን እንደሆነ ለመረዳት አንድ ነገር ልብ በሉ። ስኳሩ በጣም ለወረደበት ሕመምተኛ ቶሎ እንዲነሳ የሚሰጠው ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ነው። ያን ያህል ፈጣን ነው ማለት ነው። የሚበላውን ፍሬና መጠን ከሚከታተለው ሐኪም ጋር ይወስን፤ ቤት የስኳር መለኪያ ማሽን ካለም ከበላ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይለካ። የራስን ቁጥር ማየት ከማንም ምክር በላይ ያስተምራል።

ፍራፍሬ የማይስማማው ሰው አለ?

አለ። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ፖታሲየም ማስወጣት ሊያቅተው ይችላል፤ ሙዝ፣ ብርቱካን፣ አቮካዶና ቴምር ደግሞ ፖታሲየማቸው ብዙ ነው። ሐኪሙ ሳይፈቅድ አይብላ። ግሬፕፍሩት ደግሞ ከአንዳንድ የኮሌስትሮልና የደም ግፊት መድኃኒቶች ጋር ይጋጫል፤ መድኃኒቱ በደም ውስጥ እንዲበዛ ያደርጋል። ፋርማሲስታችሁን ጠይቁ።

ፍራፍሬ ስበላ ሆዴን ይነፋኛል።

ፋይበር ያልለመደ ሆድ መጀመሪያ ላይ ይነፋል። በቀን በአንድ ፍሬ ጀምራችሁ በሳምንት ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፣ ውሃም ጠጡ። ፖም፣ ማንጎና ሐብሐብ አንዳንድ ሰው ላይ ይብሳሉ፤ በብርቱካንና በፓፓያ ሞክሩ። በንጹህ ውሃ ማጠብም አትርሱ፣ የሚላጠውንም ጭምር፤ ቢላው ከልጣጩ ቆሻሻ ይዞ ወደ ውስጥ ይገባልና።

ፍራፍሬ ተወዷል። በየቀኑ ከየት አመጣለሁ?

እውነት ነው፣ ተወዷል። ከውጭ የሚመጣው ቀይ ፖም በፍሬ ሲሸጥ ዋጋውን ሰምቼ ትቼው የተመለስኩበት ቀን ብዙ ነው። ግን ክብደት ለመቀነስ ፖም ግዴታ አይደለም። ፖም ከፈለጋችሁም የጨንቻውን ፈልጉ። የአርባ ምንጭ ሙዝ አለ። ማንጎ በወቅቱ ይረክሳል። ከጋሪ ላይ ሲገዛ፣ ማታ ወደ ቤት ሲገባ ዋጋው ይለሳለሳል። አንድ ብርጭቆ ጁስ የምትከፍሉበት ብር ስንት ፍሬ እንደሚገዛ አንድ ቀን አስሉት።

በዚያ ላይ ካሮት፣ ጎመን፣ ቲማቲምና ቀይ ሥር ለዚህ ጉዳይ ከፍራፍሬ አያንሱም። ስኳራቸውም ያነሰ ነው። ወር መጨረሻ ላይ ፍራፍሬው ቢጠፋ በጥሬ ካሮት መክሰስ መብላት ይቻላል። እኔ አደርገዋለሁ፤ በሎሚና በትንሽ ሚጥሚጣ ይጣፍጣል።

ሦስት ሳምንት ሆነኝ፣ በየቀኑ ፍራፍሬ እበላለሁ፣ ሚዛኑ ግን ንቅንቅ አላለም። ለምን?

አንድ ወረቀት ውሰዱና ለሦስት ቀን የገባውን ሁሉ ጻፉ። ሻዩን ከነስኳሩ፣ የልጃችሁን ትራፊ፣ ቡና ሲጠጣ የተቆረሰውን አምባሻ። ከዚያ ከእያንዳንዱ ፍሬ ጎን "ይህ የምንን ቦታ ያዘ?" ብላችሁ ጻፉ። ባዶ የቀረ መስመር ካለ ያ ፍሬ ተደረበ እንጂ አልተተካም። ጓደኛዬ ይህን አድርጋ ያገኘችው ከምሳ በኋላ የምትበላው ሁለት ማንጎ ምንም ቦታ እንዳልያዘ ነው። ማንጎውን አልተወችም፤ ወደ 10 ሰዓት አዛወረችውና ብስኩቱ ቀረ።

የምትለኩበትን መንገድም እዩት። በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት፣ ሳትበሉ፣ በአንድ ዓይነት ልብስ። ጨው የበዛበት እራት በበላችሁ ማግሥት አትመዘኑ፤ ውሃ ይይዛል። ወር ሙሉ ቁጥሩ ካልወረደ እንጀራውን በሩብ ቀንሱ። ጎመኑን ጨምሩ፣ በቀን ግማሽ ሰዓት በእግር ሂዱ። ፍራፍሬውን አትንኩት። ቀበቶ ካላችሁ ደግሞ የምትቆልፉበትን ቀዳዳ ዛሬ ምልክት አድርጉበት።